ወንበር ይዛችሁ ኑ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ከመስታወቱ ላይ፣
ጥጉ የተላጠ ወረቀት ሳይ፣
«ሐሙስ ማታ ማታ የጥንት መጽሐፍ
እናነባለን፤ ክፍያ የለም፤
ወንበር ግን ጥቂት ነው፣ ይዛችሁ ኑ» ይላል የእጅ ጽሑፍ።
አንሶላዬ እስኪደርቅ ሦስቴ አነበብሁት፤
«ለኔ ዓይነቷ አይደለም» አልሁና ተውሁት፤
ሐሙስ ሲመሽ ግን ወንበሬን አጠፍሁት።

የትሪየስቴ ነፋስ ቦራ ነው ስሙ፣
ሰው ያንገዳግዳል ሲነሳ ከደሙ፤
ሽማግሌ እንዳይወድቅ በየዳገቱ ገመድ ይወጠራል።
አንድ እጄ ገመዱን፣ አንድ እጄ ወንበሩን፣
ነፋሱ እንደ ሸራ ሲነፋው ጨርቁን፣
ውሻ የያዘ ሰውዬ ቆመና «ይሸጣል?» አለኝ።
«አይ፣ ልቀመጥበት ነው» አልሁት፤ ሳቀብኝ።

ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ነው ክፍሉ፤
ቆዳና ሙጫ ነው ሽታው በሙሉ።
ሊቪዮ፣ የመርከብ መካኒክ፣ ጡረታ የወጣ፤
ዝደንካ፣ መምህርት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አስራ የምትመጣ፤
አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሌሊት ስለሚሠራ ከወዲሁ የሚያንጎላጅጅ፤
ሌሎችም፣ ስማቸውን ገና ያልያዝሁት።
«ከየት ነሽ?» ያለኝ የለም፤ «እዚህ ደርሰናል» ነው ያሉት፣
ገጹን በጣት እያሳዩ ለወንበሬ ቦታ ሰጡት።

ንባቡ በዙር ነው። የኔ ተራ መጣ።
ጣልያንኛዬ የሆስፒታል ነው፦ «ደም»፣ «አንሶላ»፣ «ፎጣ»፤
«ምግባር»ና «መንግሥት» አፌ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፣
እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ።
ጥንታዊው ሰው ይላል፣ እኔ እንደገባኝ፦
ሕግ የሚያወጣ ሰው ፋታ ያሻዋል፤
ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር ግን
ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ ከሸንጎው ደጅ ይቁም።
ድምፄ ተሰበረ? አልተሰበረም።
የሌላ ሰው መርዶ እንደሚነበብ እስከ አራት ነጥቡ አነበብሁት።
ከዚያ ጣቶቼን አየሁ፣ በረኪና የላጣቸውን።
ሊቪዮ የራሱን እጅ ከጠረጴዛው ሥር ከተተው።
ጋጋሪው ነቃ።

ዝደንካ «ዘመኑ ነው» አለች፣ ነገሩን ልታቀል።
እኔ ግን፣ ልሰማ እንጂ ልናገር ያልመጣሁ፣
«አባቴ ብራና ፋቂ ነበር» አልሁ።
ቆዳውን ነክሮ፣ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ በድንጋይ አልስልሶ፣
ወገቡ እስኪጎብጥ ለሌላ ሰው ቃል ሜዳ ሲያበጅ ኖረ፤
ፊደል ግን አልቆጠረ።
አንድ ቀን፣ ልጅ ሆኜ፣ «የማታነበውን ለምን ትፍቃለህ?» ብለው፣
ብራናውን ወደ ፀሐይ አንስቶ ቀዳዳ አሳየኝ፣ ምስር የምታህል።
«ጸሐፊው እዚህ ሲደርስ ቃሉን ለሁለት ይከፍለዋል» አለ።
«ቃል የት እንደሚሰበር ከእሱ በፊት የማውቅ እኔ ነኝ።»
«ታዲያ» አልሁ፣ በጣልያንኛ ቃሉን ፈልጌ ፈልጌ፣
«ይህ ሰው አላሰበም?»

ከዚያማ ጠብ ሆነ፣ ደስ የሚል ጠብ።
ሊቪዮ ጠረጴዛ መታ። ጋጋሪው «እኔ
ሊጥ ሲቦካ ነው የማስበው» ብሎ ምሎ ተገዘተ።
ዝደንካ ጥንታዊውን ሰው እስከ መጨረሻው ስትከላከል፣
እንደ ታመመ አጎቷ፣ እየተናደደችበት።
በሁለት ሰዓት ያነበብነው አሥር መስመር ብቻ።

ወንበሬን እዚያው ትቼ ወጣሁ።
ቁልቁለቱን፣ ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ወረድሁ።
ቤቴ ያለኝ ወንበር እሱ ብቻ ነበር፤
አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ራቴን በላሁ፣
ያቺን ዓረፍተ ነገር እያላመጥሁ፤
እስከ ዛሬ፣ ይኸው ማክሰኞ ነው፣ አልዋጥ ብላኛለች።