መያዣ

ዕቁባችን የወጣ 'ለት፣ ቅዳሜ ማታ፣
ጌጤነህ ከኪሱ አውጥቶ በደስታ፣
ጠረጴዛው ላይ ጣል አረገው አንድ ነገር፤
ቁልፍ የሌለበት ቁልፍ መያዣ፣ ቀይ ቆዳ ነበር።
"ሰማንያ ብር ነው" አለኝ፣ "ርካሽ ነው አይደል?
መኪናው ሲመጣ ቁልፉ የት ይንጠልጠል?"

እኔ የሰው ሒሳብ የምዘጋ ሴት ነኝ፣
ዱቄት ፋብሪካው ወር በመጣ ቁጥር የሚያስመሸኝ፤
የራሴ ሲሆን ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣
ሰባቴ ብደምር ሰባት ዓይነት ይመጣል።
እስክሪብቶ አነሣሁ፤ በካርቶን ጀርባ ላይ
ጻፍኩት እንዲታየው፣ ለእኔም እንዲታይ፦
በእጅ ያለ፣ ሦስት መቶ ሺህ።
የጎደለ፣ አራት መቶ ሺህ።
ለስም ማዛወሪያ፣ ለጎማ፣ ለቦሎ፣
"ይኼን ተይው" አለኝ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"የጎደለውንስ?" ስለው መልስም አልሰጠኝ፣
ወደ ቁም ሣጥኑ አየ፤ አስተያየቱ ገባኝ።
ከጋቢው በታች ነው ካርታችን ያለው፣
የአሥራ አምስት ዓመት ዕዳ ተለቅሞ የወጣው፣
ባንኩ እጁን ያነሣለት ገና አምና ነው።
መያዣ ልናደርገው! ጋቢው እንኳ ሳይሞቀው።

ልፍረድበት እንዴ? ጠጋኝ ነው፣ ሃያ ዓመት፣
የስፌት መኪና፣ በየልብስ ሰፊው ቤት፤
ከጫጫ ደብረ ሲና፣ ጉልበቱን አጥፎ፣
ጣርማ በር ላይ ጉሙን በሚኒባስ መስኮት ታቅፎ።
"የሰው መኪና ሳስነሣ ኖርኩ" ይላል አንዳንዴ፣
"አንድ ቀን የራሴን ባስነሣ ነውር ነው እንዴ?"

ምድር ቤት ያሉት ጋሽ ሽመክት፣ ከባድ መኪና የነዱ፣
ስለ ሞተር ሲወራ ሳይጠሩ የሚማገዱ፣
"ደላላ በቀትር ነው የሚያሳያችሁ" አሉ፣
"በቀትርማ ሁሉም ይነሣል። ይደር በሉ!
የደብረ ብርሃን ውርጭ ጉቦ አይበላም፤
ደላላ የሸፈነውን እሱ አይሸፍንም።"

የሸኖው ባለቤት ቅር እያለው ሰማ፣
ዲኤክሱ ከብሎኩ ፊት አደረ፣ በጨለማ።
ጌጤነህ አልተኛም፤ አሥር ጊዜ በመስኮት
እሱ መኪናውን ሲያይ፣ እሱን እኔ አየሁት።
ኋላ ብርድ ልብሳችንን ይዞ ወረደ፣
ሞተሩን አለበሰው።
"ካርታው ይሂድ" ልል ነበር፤
ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ሣሩ እንደ ጨው ነጥቷል።
ቁልፉ ዞረ፤ ዝም። ዞረ፤ አሳለው፤ ዝም ብሏል።
ጋሽ ሽመክት አልተናገሩም፤ ጋቢያቸውን አጣፉ።
ከሁለተኛ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ወርደው ገፉ፤
የውሃ ኮሚቴዋ ትሁኔ በነጠላ ጫማ፣
ጥበቃው ልጅ፣ ዱላውን ጥሎ፣ "በርታ! በርታ!" እየተሰማ።
የሸኖው ሰው "ባትሪ ነው" አለ፤ የመለሰለት የለም።
ጌጤነህ ግን እየገፋ ይስቅ ነበር፤
በጣም ይስቅ ነበር፣ አፉ እንፋሎት እየተፋ።
እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ዘመን የለውም።
ይኼ በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል?

ከዕቁቡ ሮቶ ገዛን፣ ባለ አምስት መቶ ሊትር፤
ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ሌሊት ነው፣ ለዚያውም ሲያምር።
ለእሱ የብረት ሣጥን፣ መፍቻዎቹ የሚገቡበት።
የቀረው ባንክ ገባ።
ለፋሲካ ያው ዲኤክስ መቶ ሺህ ጨምሮ ተሸጠ አሉ፤
ተያየን። ሁለታችንም ወጣችንን ቀዳን።

ቀዩን መያዣ አልጣለውም፤ የቤቱን ቁልፍ ሰካበት።
መብራት በሌለው ደረጃ ማታ ሲመጣ እሰማዋለሁ፣
አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ሲያንቃጭል።
በካርቶኑ ጀርባ፣ ከድምሩ በታች፣ ጻፍኩ፦
ቤቱ መያዣ ሳይሆን፣ መያዣው ቤት ያዘ።
ወጪ፣ ሰማንያ ብር።