መዘውሩ በየት በኩል ነው

ኡም አል ቀይወይን፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ከሱቁ ስገባ፣
ኩንሃሙ ተነሣ፣ መነጽሩን ሰቅሎ፤
ዘንጉ እንደ ደንገል ግድግዳው ላይ በቅሎ።

«ለጀልባ ነው?» አለኝ። «ለጀልባስ አይደለም፣
ለካያክ ነው» አልኩት፤ «ሞተር የሚባል የለም።
ከውሃው በላይ ያለሁት አንድ ስንዝር ነው፣
ማዕበል ሲመጣ ጭኔ ላይ ነው የሚተኛው።»

ካያኳን የሸጠልኝ ሮዴል ነው፣ ፊሊፒኖው፣
ውሉ አልቆ አገሩ ሲገባ፣ በአራት መቶ ድርሃም የተወው።
ብርቱካናማ ናት፣ ሆዷ የተጫረ፣
ጎኗ ላይ የልጁ ስም በቀለም የቀረ።

አምና ርካሽ ማጠንጠኛ ነበረኝ፤ ሦስት ዓርብ ሠራ፣
በአራተኛው ኩሽኔታው ዝጎ እንደ ወፍጮ አጓራ፤
በእጄ ብስብ፣ ጣቴን ቆርጦ፣ ደሜን ከውሃው ጋራ፣
ዓሣው ክሬን በጥሶ ሄደ ወደ ሥራ።

ኩንሃሙ ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ፣
«ጨው ሌባ ነው» አለኝ በዐረብኛ፣ እየሣቀ።
«በር ካልዘጋህበት ገብቶ ነው የሚያድር፤
ይህችን እያት፣ ታሽጋለች፣ ላስቲክ አላት በዳር።»

ዘጠኝ ጫማውን ሳነሣ ጫፉ አምፖሉን መታ።
«ተወው፣ የዳርቻ ነው፣ ለቆመ ሰው ደስታ።»
አምስት ጫማውን ያዝኩ፣ አጭር፣ ደንዳና፤
«እሱስ?» አልኩት። መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና፣
እግሩን ዘርግቶ፣ ካርቶን ፊቱ አስቀመጠ፤
«ይኸው አፍንጫዋ። ዓሣው በሥሯ ፈረጠጠ።
ዘንግህ ይህን ዞሮ ካላለፈ
ክርህ በሆዷ ይፈተጋል፤
ከዚያ ወዲያ
ማን ማንን እንደሚይዝ አላህ ያውቃል።
ፍሬኑንም አላላው። ዓሣ ካያክን ይጎትታል፣
እሷ ራሷ ፍሬን ናት።»

ሰባት ጫማ እንግዲህ።
ቂጡ አጭር፣ ጃኬቴ ላይ የማይጠለፍ፣
ጫፉ ለስላሳ፣ የትንሽ ንክሻ ወሬ የማያሳልፍ።

ለጦይባ የኮሌጅ ክፍያ ትናንት ልኬያለሁ፤
የቀረኝ አራት መቶ ነው፣ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።
«ሦስት መቶ ሰማንያ» አለኝ፣ ዘንጉንም ማጠንጠኛውንም አጣምሮ።
ተቀበልኩት።
በግራዬ ያዝኩት፣ ሳላስበው፤
ቀኜ መዘውር ፍለጋ
ባዶ አየር ጠመዘዘ።

«ግራኝ ነህ እንዴ?»

አባቴ ማዕድ ላይ ያንን እጅ መታው።
መምህሬ እስክሪብቶዬን ወደ ቀኝ አዛወረው።
ሐይቅ ዳር፣ ቆሮሶ ሳጠምድ ብቻ
ነጻ ነበር፤ እዚያ ማን ያያል?
አሁንም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣
«አይ» ልል አፌን ከፈትኩ።

ኩንሃሙ መልስ አልጠበቀም።
ብሎኑን ፈታ፣ መዘውሩን ከግራ ጎን አወጣ፣
በቀኝ ጎን ሰካ፣ አጠበቀ።
ሃያ ሰከንድ አልፈጀም።
«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» አለ፣
«በሁለቱም በኩል ቀዳዳ አለው።»

በቀሪው ሃያ ድርሃም ማሰሪያ ሸጠልኝ፤
«ከጀልባዋ ጋር እሰረው፤ ባሕር የተበደረውን አይመልስም» አለኝ።

ዓርብ ሳይነጋ፣ ከማንግሮቩ ቦይ ወጥቼ፣
ፍላሚንጎዎቹ ገና በአንድ እግራቸው እንደተኙ፣
አንድ ነገር ክሬን ይዞ በሥሬ አለፈ።
ጫፉን ወደ ፊት ሰደድኩ፣
አፍንጫዋን አዞርኩ፣ የልጅቷን ስም አዞርኩ፤
ካያኳ ተከተለችው፣ እኔም ተከተልኩ፣
ወደ ደሴቶቹ፣ ወደ ብርሃኑ፣
እስኪደክመው።
ስሙን አላውቀውም። ፎቶ አንስቼዋለሁ፣
ቅዳሜ ኩንሃሙን እጠይቀዋለሁ።

ማታ፣ ካምፕ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣
ማጠንጠኛዋን በቀጭን ውሃ ሳለቀልቅ፣
አራጋው በሩን ደበደበ፤
«አንተ ሰውዬ! ወረፋ አለ እኮ! ከማን ጋር ነህ?»
«መጣሁ» አልኩት።
መዘውሩን አንዴ አዞርኩት።
ትክ፣ ትክ፣ ትክ።
አንዴ ደግሞ።