አንድ ደቂቃ በሚኒሞ

ትሮልሄታን በኅዳር፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፤
ወንዙ ከፏፏቴው በታች ጭጋጉን ተከናንቦ ይተኛል።
ጉንቮር መጡ፣ መኪናቸውን በጎረቤት ትራክተር አስጎትተው፣
ካፖርታቸውን እስከ አገጭ ቆልፈው፣
ቁልፉን በመሐረብ ቋጥረው።
«ጭሱ ሰማያዊ ነው» አሉ፣ «የስቲግን ሲጋራ ይመስላል።
ዳገት ላይ ደግሞ ያፏጫል፣
እንደተረሳ ማንቆርቆሪያ።»

ኮፈኑን አነሳሁ። በእነሱ ሰማንያ ስድስት የተሠራ፣
ከተማዋ ራሷ የወለደችው፣ ተርቦው ላይ ዝገት ያፈራ።
የአየር ማስገቢያ ጎማውን ፈትቼ ጣቴን ከዘንጉ ጫፍ ሰደድኩ፤
ወደ ላይ ገፋሁ፣ ወደ ታች ገፋሁ፤
ተነቃነቀ፣
ሊወልቅ እንደ ደረሰ የልጅ ጥርስ።
ፀጉር የምታህል ክፍተት ትፈቀዳለች፤
እዚህ ግን ክንፎቹ የገዛ ቤታቸውን ግድግዳ ፍቀዋል።

ለመፍታት ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።
አርባ ዓመት በእሳት የተጋገረ ቡሎን በልመና አይወጣም፤
ሁለቱ እሺ አሉ። ሦስተኛው አንገቱን ሰጠ፣ እጁን አልሰጠም።
በጉቶው ላይ ዳዶ በየድኩ፣ ፍሙ ሳይበርድ ጠመዘዝኩት፣
እየሰደብኩ መረቅሁት፣ እየመረቅሁ ሰደብኩት፤
ወጣ።

ሆዱን ስከፍተው፣ ኩሽኔታው ውስጥ ዘይቱ ከሰል ሆኗል፤
ሊያለሰልስ የገባው ዘይት፣ ሞረድ ሆኖ በልቶታል።
ጉንቮር ጓንታቸውን አውልቀው ተርቦውን በመዳፋቸው መዘኑ።
«ከብዷል» አሉ። «ፋብሪካው ሳለ በቀን ስልሳ አነሳ ነበር።»

«ባለቤትዎ» አልኩ፣
(የአገሩ ቋንቋ ሁሉን አንተ ይላል፤ እኔ በሆዴ አንቱታውን አልተውኩም)
«ረጅም መንገድ ነድተው ሲመለሱ፣ ወዲያው ነበር የሚያጠፉት?»
ሳቁ።
«ስቲግ? ጎማው ሳይቆም ቁልፉ ኪሱ ነው።
እራቱን ቆሞ፣ ስሞኝም የሚያውቀው ኮቱን እንደለበሰ።
ሐኪሙ ነገሩን ሳይጨርስ ‹ገባኝ› ብሎ ተነሳ።
ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት...»
ቀሪውን ለመሐረቡ ተዉለት።

አስረዳኋቸው፦ ተርቦ የሚዞረው ሞተሩ በተፋው ጭስ ነው፣
በደቂቃ መቶ ሺህ ጊዜ፣ ብረቱ እስኪቀላ።
ሞተሩን ድንገት ሲያጠፉት ዘይቱ ባለበት ይቆማል፤
እሱ ግን ገና ይሾራል፣ ገና ይነድዳል።
ለዚህ ነው፣ ከመንገድ በኋላ፣ አንድ ደቂቃ በሚኒሞ፤
ትንፋሹን እንዲሰበስብ።

ሊኑስ፣ የጋራዡ ጎረምሳ፣ ከክሪኩ ሥር ብቅ ብሎ፣
«ትልቁን ተርቦ እንግጠምለት! ሁለት መቶ ሰማንያ ፈረስ ይወጣዋል» ቢል፣
«ወዴት ልሂድበት?» አሉ ጉንቮር፤
«እኔ የምሄደው መቃብሩና ዓሣ ቤቱ ነው።»

መጠኑ ያው የሆነውን መረጥኩ፤ ለውጡ ከወገቡ ነው፣
ውሃ ይዞርበታል። ሁለት ቧንቧ ከራዲያተሩ ጠለፍኩለት፣
ጓርኒሲዮኑን በአዲስ፣ የዘይት ቱቦውን በአዲስ፤
ሳላስነሳው በፊት በስሪንጅ ዘይት አጎረስኩት፣
እንደ ታማሚ፣ በጠብታ።

ተነሳ። ጭስ የለም።
ጉንቮር ጆሯቸውን ሰጥተው ቆዩ።
«ዝም አለ» አሉ። ደስታ ይሁን ቅሬታ አልለየሁም።
«ከእንግዲህ መጠበቅ አያስፈልግም» አልኳቸው፤
«ቢያጠፉትም፣ ውሃው በራሱ ግለት እየዞረ ያበርደዋል።»
ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሒሳቡን በጥሬ ገንዘብ፣ ሳንቲም ሳያጎድሉ ከፈሉ።

ኀሙስ ማታ በደጃቸው አለፍኩ። በረዶ ይጥላል።
መኪናው ቆሟል፣ መብራቱ በርቷል፣
ጉንቮር መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።
ሞተሩ በሚኒሞ።
አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። ሁለት።
የፊት መስተዋቱ በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ።
ጠጋ ብዬ ላንኳኳ፣ «አያስፈልግም እኮ» ልል ነበር።
ከጎናቸው ባለው ወንበር
የዓሣው ፌስታል
ቀበቶ ታስሮለት።