እስከ ጉልበት

ባለፈው ጥቅምት፣ በቆሎው ሲነሳ፣
አጃ በተንኩበት፣ ማሳው እንዳይከሳ፤
ራቁቱን አድሮ በኔብራስካ ውርጭ፣
አፈሬን ነፋሱ ካንሳስ ላይ እንዳይረጭ።

አያቴ ልጅ ሳለ፣ በቀትር ፋኖስ በርቶ፣
የጎረቤት እርሻ ሰማይ ላይ ወጥቶ፣
አይቷል።
ከርስቱ ጋር አብሮ ፍርሃቱን ወረስሁት፤
ለሱ ነው አጃውን በበረዶ ዋዜማ የዘራሁት።

በቀለ። በረዶው ሲያፈገፍግ ቀና አለ፤
ጎረቤቱ ሁሉ ጥቁር፣ የኔ ብቻ ለምልሞ ዋለ።
ሎወል መኪናውን ከአጥሬ ጥግ አቁሞ፣
«ዘንድሮም ለሣር ነው ውሃህ?» አለኝ ደግሞ።

ያቺን «ዘንድሮም» የምትል ቃል አውቃታለሁ።

ካቻምና ሳልገድለው፣ ነገ ዛሬ እያልኩኝ፣
አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ደመና ሳይ ዋልኩኝ፤
እሱ ግን ከታች፣ ድምጽ ሳያሰማ ጠጣ፤
በቆሎው ቢዘራ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤
የተረፈውንም፣ ከአጃው ገለባ ሥር
ተምች ተሻግሮ በላው መስመር በመስመር።

ኢንሹራንስ የሸጠኝ ሃርላን ቀን ቆርጧል፤
ካለፈ ኪሳራው «ያንተ ነው» ብሎኛል።
ልጄ ኦርላ ስልኳን ከፍታ ሰማይ ታነባለች፤
«ዝናቡ ሐሙስ ነው፣ አርባ በመቶ» ትላለች።
አርባው ዝናብ ይሁን። ስልሳው ማን ይባላል?
እኔ ነኝ፤ ባንኩ መዝገብ ላይ በስሜ ይጠራል።

አካፋ ይዤ ወጣሁ። ሌላ ዳኛ የለም።
አፈሩን ጨበጥኩት፤ ኳስ ሆነ፤ ግን የሚታመን አይደለም፤
ዳር ዳሩ ፈረሰ። መሐሉ ላይ ትል፣
ቀይ፣ እርጥብ፣ ሰነፍ፣ ቀስ ብሎ ሲጠቀለል።
ካቻምና አልነበረም። ወይም አላየሁትም።
ደስ አለኝ፤ ትል ግን ብድር አይከፍልልኝም።

ሰኞ ጠዋት ገደልኩት፣ ከጉልበቴ በታች ሳለ፤
የመርጫው ነፋስ ሲያልፍበት ጎንበስ ብሎ ቀና አለ።
በምሥራቁ ዳር ግን አንድ ጠርዝ ተውኩት፣
የመርጫው ክንፍ ያህል። ለምን እንደሆን ለሎወል አልነገርኩት፤
ለራሴም።
ምናልባት ፍርሃቴ ልክ ይሁን ስህተት
ያ ጠርዝ ያውቅ ይሆናል፣ በመከር፣ ሲቆጠር ምርት።

ዛሬ ረቡዕ ነው።
የገደልኩት ገና አረንጓዴ ነው፤ መሞቱን አልሰማም።
የተውኩት ይጠጣል። ለዓይን ልዩነት የላቸውም።
ሎወል ከአጥሩ ጥግ ቆሟል፤ ዛሬ አይስቅም።
ከሱ ማሳ በኩል ጭስ መሳይ አቧራ ተነሳ፤
ሁለታችንም አየነው፤
ምንም አላወራንም።