የጓዳው በር

ከአክስቴ ቤሪል ጓዳ፣ ከበሩ ጀርባ ላይ፣
በእርሳስ የተጻፈ አለ ሁለት ጉዳይ።
በግራው በኩል እኛ፣ የእኔና የጃኔት ቁመት፣
በየገናው ሲለካ፣ ጭረት በላይ ጭረት፤
በቀኙ በኩል ደግሞ የቸኮሌቱ ጣሳ፣
በየገናው ሲመዘን፣ ቁጥሩ እየሳሳ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከሚሄደው ቀበቶ ፊት፣
ፀጉሯን በመረብ ሸብባ፣ በሃደርስፊልድ ሌሊት፣
ስታሽግ የኖረች ናት። መቁጠር አያሻትም፤
አንዲት ፍሬ የጎደለው ጣሳ መዳፏን አያልፋትም።
ጡረታ ስትወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት፤
ለጃኔት ሰጠችውና ሚዛን ገዛች፣ ቀይ፣ የወጥ ቤት።

መጀመሪያ የሄደው ቆርቆሮው ነው፤
ያ ክቡ፣ ያ ከባዱ፣
ክዳኑ ሲነሳ እንደ ደወል የሚያቃጭለው፣
ባዶውን ሲቀር እንኳ
ቁልፍና መርፌ፣ የአጎቴን ብሎን የሚያሳድረው።
ክዳኑ ላይ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ቀይ ሻርፕ ያደረገች፣
ውሻዋን አስከትላ በረጋ ኩሬ ላይ የምትንሸራተት።
ፕላስቲኩ ሲመጣ ውሻው ቀረ።
ፕላስቲኩ ሲጠብ ኩሬው ደረቀ።
አሁን ልጅቷም የለች፤ ሻርፑ ብቻ፣
ነፋስ እንደ ወሰደው፣ ከዋጋው ሥር ተንጠልጥሎ።

ቀጥሎ ወገቡ ቀጠነ፤
ቀጥሎ ቂጡ ወደ ውስጥ ገባ፣ እንደ ወይን ጠርሙስ።
"ከውጭ ሲያዩት ደንዳና፣ ከውስጥ ሲገቡት ገለባ፣"
አለች ቤሪል፣ ጣቷን ከሥሩ አስገብታ።

ከዚያ ደግሞ ልብሳቸው። ያ የሚያብረቀርቀው፣
ዓይናችን ላይ ለጥፈን መንደሩን ያየንበት፣
በቀዩ የአቶ አክሮይድ ጣሪያ የነደደበት፣
በአረንጓዴው በጎቹ ባሕር ውስጥ የጋጡበት፤
ሰም የተቀባ ወረቀት ሆነ። አያሳልፍ፣ አይንኮሻኮሽ።
"ለምድሪቱ ብለን ነው፣" ይላል በደቃቅ ፊደል።
መነጽሯን አጥልቃ አነበበችው፦
"ለምድሪቱ ከሆነ እሰየው፣ አልከፋም፤
የቀነሰውን ግራም ግን ምድሪቱ አልበላችውም።"

በሩ ይናገር፦
ኪሎ ከሁለት መቶ። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ። ሰባት መቶ ሃምሳ።
ስድስት መቶ፤ እዚህ ላይ እርሳሱ ተሰብሯል።
አምስት መቶ ሃምሳ።
ዋጋውን አልጻፈችም፤ ለእሱ በሩ አጭር ነው።

አንዴ ደብዳቤ ጻፈችላቸው። በሦስተኛው ወር መልስ መጣ፦
"ውድ ደንበኛችን፣ ጣዕሙ ያው ነው።"
የሃምሳ ፔንስ ቅናሽም አብሮ፤
ሲደርስ ቀኑ አልፎበት ነበር።

ዘንድሮ በዋዜማው፣ ሳልነግራት ቀድሜ ደረስኩ።
ጠረጴዛው ላይ ያ አሮጌው ቆርቆሮ፤
ልጅቷም፣ ውሻውም፣ ኩሬውም እንዳሉ።
ቤሪል ጋዜጣ እየጨመደደች ታቹን ትጠቀጥቃለች፣
ከላዩ አዲሶቹን ታፈስሳለች፣
ሐምራዊዋን ከሁሉም በላይ፣
እንደ ጥንቱ፣ እስከ አፍ ገደፉ።
አየችኝ። ፊቷ እንደ ሻርፑ ቀላ።
"ለእንግዳ ጎዶሎ ጣሳ አይከፈትም፣" አለች፤
ወሬውን ለማስቀየር፣ "ና፣ እኔንም ለካኝ።"
ጫማዋን አውልቃ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች።
እርሳሱን ነጭ ፀጉሯ ላይ አጋደምኩት።
ጭረቷ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ከእኔ ሥር ዋለች።
ቁጥሩን አልነገርኳትም፤
እሷም አልጠየቀችኝም።

ማታ ቤቱ ሲሞላ፣ ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣
የጃኔት ልጅ ኢሞጅን እጇን እስከ አንጓዋ ሰደደች፤
ኮሽ አለ።
ቴሌቪዥኑ እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ።
ቤሪል የሹራቧን ቁልፍ ትፈታለች፣ ትቆልፋለች።
ልጅቷ እጇን አወጣች፤ ጣቶቿ ላይ የጋዜጣ ቀለም።
አክስታችንን አየች። እኔን አየች።
ክዳኑን በቀስታ መልሳ ገጠመችና፣
"ገና ሙሉ ነው፣" አለች።