ሃያ ሦስት ደረጃ

ዘበኛ ነበርኩኝ ፒያሳ፣ ደሴ ላይ፣
ብረቱ የቆመ፣ ጣሪያው የማይታይ፣
ባለቤቱ ከስሮ ጅዳ የሄደበት፣
የሲሚንቶ ጆንያ ጭጋግ የበላበት፣
አምስት ፎቅ አጥንት ነው። ሥጋ የሌለው ቤት።

ደመወዝ በሦስት ወር፣ ካልቀረ ማለት ነው፤
ሥራዬ ውሻ ማባረር፣ ጦሳን ማየት ነው።

አንድ ማታ ሰማሁ፣ ከደረጃው ጓዳ፣
አራት ድምፅ ይወርዳል፣ ያላየሁት እንግዳ።
ሌባ ነው ብዬ ነው ዱላዬን ያነሣሁ፣
ባትሪዬን እንደ ጦር ወድሬ የወጣሁ።

ሉባባ የልኳንዳው፣ መሬማ የሮቢቷ፣
ትርንጎ የመምሬ፣ ማተቧ ባንገቷ፣
እቴነሽ ደግሞ አለች፣ መናገር የማትወድ፣
ሲዘፍኑ ግን ድምጿ ከመሬት 'ሚወለድ።

«ምን ልትሰርቁ ነው?» ስል ሉባባ ሣቀችና
«ማሚቶውን» አለች፣ «ሌላ የለምና።»

እውነቷን ነው።
ከቤት አይዘፈን፣ ጎረቤት አለበት፤
ከሜዳ አይዘፈን፣ ነፋሱ በዛበት፤
ያ ደረጃ ግን ድምፅን ተቀብሎ፣ አጥቦ፣
ይመልሰው ነበር አንዱን ባንዱ ደርቦ።
ላባርር የወጣሁ ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ።

እኔም ለብርዱ ነው፣ በዱላዬ ጫፍ
ፌሮውን ስመታ፣ ሌሊቱ እንዲያልፍ።
ምቱን እንዲያ ለመዱት። ሲስቱ ቆም አልኩ፣
ሲይዙት ቀጠልኩኝ። ሳልሾም መሪ ሆንኩ።
ዘበኛ እንደሆንኩ።

ሁለት ክረምት እንዲያ። ከዚያ ሰርግ። ከዚያ አዳራሽ።
ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ለፋብሪካው በዓል፣
ክፍያው አራት አንሶላ።
ከዚያ አንድ ጎሚስታ ቀርጾ በስልኩ ለቀቀው፣
ስሙን የማልይዘው አገር ሁሉ አወቀው።

ስማቸው «ጦሳ» ነው፤ የፊታችን ጋራ።
ፈረንጅ ምላሱ ላይ «ጦ» የለም ሲጠራ።
«ቶሳ! ቶሳ!» አለ አርባ ሺህ ሰው ባንዴ፣
ተራራው ቢሰማ «እኔን ነው?» ይል እንዴ?

የሉባባ አባት ሚዛኑን ረስቶ
ከቲቪው ፊት ቆሟል ቢላውን አንሥቶ፤
«ቀሚሱ አጠረ» አለ፣ ዐይኑ እንባ ሞልቶ።
አንድ ኪሎ ያዘዘው ኪሎ ተኩል ይዞ ሄደ።

ሰው አገር ይቆጥራል፤ ቶኪዮ፣ ለንደን፣ ፓሪስ።
እኔ የምጠይቀው «ብርድ አለ ወይ?» ነው፤
ትርንጎ ጉሮሮዋ ቶሎ ይዘጋል።

ባለፈው ሐምሌ ግን ሌሊት ስልኬ ጮኸ።
እቴነሽ ነበረች። ያቺ ዝምተኛዋ።
«ጋሽ እብሬ» አለችኝ፣ «ደረጃው ስንት ነው?»
«የቱ?» «የኛው ነዋ፣ የያዙን እዚያ ነው።»
እዚያ ያሉበት ክፍል ግድግዳው ስፖንጅ ነው፤
ማሚቶ በማሽን ይሠራል፣ ቅጂ ነው፤
የደሴውን ግን ልኩን አላገኘው።

«ሃያ ሦስት» አልኳት። «አሥራ አንድ ተወጥቶ፣
ከዚያ አሥራ ሁለት ነው፣ ወደ ግራ ገብቶ።
ዘጠነኛዋ ጠርዟ ሸራፋ ነች፤ ተጠንቀቂ» አልኳት፣
ከባሕር ማዶ ሆና እዚያው የምትሰናከል መስሎኝ።

«አሁንም አለ አይደል?»
«አለ» አልኩኝ።
አለ። እብነ በረድ ለብሶ፣ ሊፍት ተተክሎለት፣
ከሥሩ ባንክ ገብቶ፣ ኮርኒስ ተሠርቶለት፤
እኔም ባለ ቁልፍ ዩኒፎርም ለብሼ እጠብቀዋለሁ።
አለ፤ ድምፅ ብቻ ነው የማይመልሰው።
ይሄንን አልነገርኳትም።

«እስቲ አንዴ ይምቱልኝ» አለች።
ካልጋዬ ሥር አንድ ክንድ ፌሮ ነበረኝ፣
ለምን እንዳስቀረሁት ማንም አልጠየቀኝ።
መታሁት።
ዝም አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል።
ልድገመው ስል ኔትወርኩ ሄደ።

ኅዳር ላይ፣ በታክሲ፣ ከሰኞ ገበያ ስመለስ
አዲሱ ዘፈን ገባ። ማንም ሳይዘፍን በፊት
ቅጭል አለ አንዴ፣ ብረት።
ሹፌሩ «ስፒከሩ ሊሞት ነው» ብሎ በቡጢ መታው።
ተሳፋሪው ሣቀ።
እኔ ደረጃ ቆጠርኩ፣ በልቤ፣ እስከ ዘጠኝ፤
«ወራጅ አለ» አልኩኝ።