ኖራ

ሥራዬ ቁጥር ነው፤ ከቁስቋም ግንብ ሥር
ቁጢጥ ብሎ መዋል፣ ድንጋይ መደርደር።
የወደቀውን ሁሉ ከሳማ ከእሾህ ውስጥ
ነቅሎ፣ አገላብጦ፣ ጀርባውን መግለጥ፤
በቀይ ቀለም መጻፍ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
በደብተር ማስፈር ቁመት ከስፋት።

ጣራ የሌለው አዳራሽ፣ ሰማይ ገብቶ ያድርበታል፤
ግብር ይበላ በነበረበት ቁራ ይከራከርበታል።
ከግንቡ ስንጥቅ ሾላ በቅሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣
ደረጃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ፎቁን ግን አጥቶ።
ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመስኮቱ ይሾልካሉ፤
«ስንት ደረሰ?» ይሉኛል፤ ቁጥሬን አሳስተው ይስቃሉ።

መሐንዲሱ አዱኛው ሜትሩን ሲዘረጋ
እኔ ጫፉን ይዤ እቆማለሁ ጠጋ።
«ይኼ የበር ጉበን፣ ይኼ የመስኮት ራስ፣
ይኼ ተራ ድንጋይ፣ ጊዜህን አትጨርስ።»
«ተራ» ባለ ቁጥር እኔን ይሰማኛል፤
ተራ ሰው ነኝና፣ ተራው መቼ ይደርሰኛል?

በግንቦት መጨረሻ፣ ደመናው ሲከብድ፣
ቅስቱን ሣር ላይ ገጠምን፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ አንድ ባንድ።
አሥራ ስድስት ጥርስ፤ አንዱ ብቻ ጠፋ፣
የመሐሉ፣ ቁልፉ፣ ሽቅብ የሚሰፋ።
ፈለግነው ከጉድጓድ፣ ከቀሃ ዳር አለት፣
ከመቃብር አጥር፣ ከከብት በረት።
የለም። አዱኛው ጻፈ «ጎደሎ» በደብተር፤
ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል ወረድን ወደ ሰፈር።

ከዳገቱ ግርጌ፣ ከጭቃ ቤት ደጃፍ፣
እማማ ትጓደድ አስጠጉን ዝናቡ እስኪያልፍ።
ጫማዬን ልጠርግ ስል ጎንበስ ብዬ ከመድረክ፣
እሱው ነው ከእግሬ ሥር፦ ሽቅብ ሰፊ፣ ልክ በልክ።
ፊቱ ላይ አበባ አለ፣ እግር ያሟለጨው፣
ስንት ልጅ የተቀመጠው፣ ስንት ዶሮ የጫረው።

አዱኛው ዝም አለ፤ ሜትሩን አወጣ፣
ለካው፤ ደግሞ ለካው፤ ፊቱ ቀለም አጣ።
«እማማ፣ ይኼ እኮ…» ቃሉን ሳይጨርስ
እሳቸው ቀደሙት፣ ነጠላቸው ሲመለስ፦

«አውቃለሁ፣ የግንብ ነው፤ አማቴ ነው ያመጣው፤
ወደቀ ካሉ ወዲያ ማን ነበር ባለቤት ጌታው?
አህያው በመንገድ ሞተ፣ ድንጋዩ ግን ደረሰ፤
ሙሽራ ሆኜ ስገባ ጠርዙ ጥለቴን በጠሰ።
ሰባት ወልጃለሁ፣ ሦስቱን ሸኝቻለሁ፤
ቃሬዛው ሲያልፍበት እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ።
እስቲ ንገሩኝ ልጆች፣ ይኼ ድንጋይ የማን ነው፣
ጌቶችን ለጥቂት፣ እኔን ስልሳ ዓመት ላየው?»

አዱኛው መለሰ፦ «ያለሱ ቅስቱ አይቆምም፤
ሌላ ብንጠርብለት እውነቱን አይሸከምም።»
«የኔስ ደጅ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ፤
ጥግ የታሰሩት በጎች ጆሮ እንደ መስጠት አደረጉ።
ብሩሼን አነሣሁ፤ ቀለሙ ጫፉ ላይ ደረቀ፤
ስም ላለው ነገር ቁጥር መስጠት ከበደኝ፣ እጄ ወደቀ።

ሽማግሌ ግንበኛ አጫውቶኛል፣ ስለ ጥንቱ፣
ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋባ ኖራ ነው ብርታቱ፤
በእንቁላል ተለውሶ፣ ተደልቆ እስኪደክም፣
አርባ ቀን ተዳፍኖ ነው ግንብ የሚያቆም።
እኔ ግን ያን ማታ ሌላ ነገር ገባኝ፣
ከመድረኩ ቆመው ስወርድ ሲያዩኝ፦
ግንቡን ኖራ ለቀቀው፤ ጎጆዋ ግን ቆማለች፤
ስልሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት ውስጧ ኖራለች።

ክረምቱ ገባ። ቅስቱ እንደ ተጋደመ ነው አሁንም፤
ሣር ወጥቶበታል፤ አስጎብኚው ዞር ብሎ አያይም።
አዱኛው ለጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ልኳል ይላሉ፤
መልስ እስኪመጣ ድረስ እማማ ደጃቸው አሉ፣
ቁልፉ ላይ ተቀምጠው ባቄላ እየፈለፈሉ።

እኔም ያንን «ጎደሎ» በእርሳስ ሰርዤው፣
ከጎኑ ይኼን ጻፍኩ፣ አዱኛውን ሳልጠይቀው፦
ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። ቁልፍ። ያለበት ይታወቃል።
አልጠፋም። ሥራ ላይ ነው። ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል።